የሚጾመው ድስት

አንድ ጥያቄ አለ፣ እስካሁን መልስ ያጣሁለት። እናት ለልጇ የሚበጀውን እየነገሯት፣ እሷም እያመነችበት፣ «እሺ» ብላ ለምን ሳታደርገው ትቀራለች? ልጄን ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል። ይህን ታሪክ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

አንዲት የሥነ ምግብ ተማሪ ከኬንያ ወደ አንድ የገጠር ቀበሌ መጣች። በትምህርቷ አንደኛ ነበረች፤ አማርኛም ተምራ ነው የመጣችው። የተላከችው ሦስት ወር ከእናቶች ጋር ኖራ ልጆች ለምን እንደሚከሱ እንድታጠና ነው። ያረፈችው አንዲት ወጣት እናት ከአማቷ ጋር በምትኖርበት ቤት ሆነ። የእናትየዋ ልጅ አሥር ወሩ ነው። ክንዱ በባለቀለሙ የክሳት መለኪያ ሪባን ሲለካ ቢጫው ላይ ቆመ። ከዚያ ቀጥሎ ያለው ቀይ ነው፣ ቀይ ደግሞ ሆስፒታል ነው።

«እንቁላል ስጪው» አለች ተማሪዋ።

«እሺ፣ እሰጠዋለሁ» አለች እናትየዋ።

ተማሪዋ በደብተሯ «ይሰጠዋል» ብላ ጻፈች። በሳምንቱ ለካችው፤ ክንዱ ቀጥኗል። በሁለተኛው ሳምንት ይብሱን ቀጠነ፣ ቀዩ ጋ ሊደርስ ትንሽ ቀረው። አገሯ ያለው አስተማሪዋ በስልክ «ምክሩን ድገሚላት» አላት። ደገመችላት። እናትየዋም «እሺ»ዋን ደገመች።

አንድ ጠዋት ተማሪዋ ጓዳ ስትገባ ጭድ ውስጥ የተቀመጠ አሥራ ሰባት እንቁላል አየች። ተናደደች። ሁለት አንስታ በሽሮው ድስት ለልጁ ጠበሰችለት።

አማትየዋ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሽታው በር ላይ ተቀበላት።

«ምነው አንቺ ልጅ! በሁዳዴ ድስቴን አስገደፍሽብኝ?»

«እማማ፣ ልጁ እየከሳ ነው! ሕፃን ይጾማል እንዴ?»

«ማን ይጾማል አለሽ? ልጁ አይጾምም። ድስቱ ነው የሚጾመው! ያለን እሱ አንድ ነው። ዛሬ ምን ልንበላ ነው፣ ያንቺን ደብተር?»

ተማሪዋ ወደ እናትየዋ ዞረች። «አንቺስ ለምን ዋሸሽኝ?»

«አልዋሸሁም። ከጾሙ በፊት እሰጠው ነበር። ሲፈታም እሰጠዋለሁ።»

«እስከዚያስ?»

እናትየዋ ልጇን አቀፈች። አማትየዋም የልጁን ክንድ አየች።

የዚያን ቀን እንጀራው በበርበሬ ተበላ። በማግስቱ አማትየዋ ማንም ሳይነግራት ሸክላ ሠሪዋ ጋ ሄዳ አንዲት ትንሽዬ ድስት ይዛ መጣች። «ይቺ የልጁ ናት» አለች። «ከኛው ጋር እንዳታነካኩብኝ።» ለፋሲካ ልጁ ሲለካ ሪባኑ አረንጓዴው፣ የጤናማው ቀለም ላይ ቆመ።

ተማሪዋ አገሯ ስትመለስ አስተማሪዋ «በመጽሐፍ ከተማርሽው ላይ ምን ጨመርሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ድስት» አለችው። ከዚያም የሆነውን ሁሉ ነገረችው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ልጁ ምን ይበላል ብዬ ጠይቄአለሁ። በምን ይበስልለታል ብዬ አንድ ቀንም አልጠየቅሁም» አለ አስተማሪው። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ሌላ አገር ሄዶ፣ ሰው ቤት ተቀምጦ ሳይመለስ የሚመረቅ ተማሪ የለውም።

መጽሐፍ ምግቡን ያስተምራል፤ ቤቱ ግን ካልገቡበት አይታወቅም። ተማሪ ሩቅ አገር ሲላክ፣ ያወቀውን ከሚያስተምረው ያላወቀውን የሚያየው ይበልጣል። እኛም የጎደለንን ካልተናገርን ምክሩ ደጅ ይቀራል።

እኔ የስምንት ወር ልጅ አለችኝ። የጤና ሠራተኛዋ ስትመጣ ሁልጊዜ በር ላይ አናግሬ ነው የምሸኛት። ቤቴ ጠባብ ነው፣ ያለኝም ዕቃ ትንሽ ነው፣ አፍራለሁ። ማክሰኞ ትመጣለች። «ግቢና እዪው» ልበላት ይሆን? ብትንቀኝስ? ልጅ ያሳደጋችሁ እናቶች፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እባካችሁ ምከሩኝ።