ለሌለ መብራት የተተወ ቦታ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። አንተ የጠየቅኸኝ ሌላ ነገር መሆኑን አውቃለሁ፤ «ጥናቴን የማስተምርበት ክፍል አለቃዬ በራሱ ስም አሳተመው፤ ከእንግዲህ በምን ልቤ ልሥራ?» ነው ያልከኝ። ታገሥና ስማ።

ይህ ሰው ከአንድ ባልንጀራው ጋር ሆኖ ሠርግ ያነሣ ነበር። ፎቶውን የሚያነሣው እሱ፣ ምስጋናውን የሚቀበለው ባልንጀራው። አንድ ቀን ባልንጀራው አብረው የገዟቸውን የፎቶ መብራቶች በሙሉ ጠቅልሎ ሄደና መሀል ከተማ የራሱን ፎቶ ቤት ከፈተ። ሰውየው ሽማግሌ ሰበሰበ። ሽማግሌዎቹ ግን ባልንጀራው የልጆቻቸውን ሠርግ በነጻ እንደሚያነሣላቸው ቃል ስለገባላቸው ለእሱ ፈረዱ። ባልንጀራው ዛሬም ደኅና ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎችን ጉንፋን እንኳ አይዛቸውም።

ከዚያ ወዲህ ሰውየውን የሚጠራው ጠፋ። በመጨረሻ አንድ አናጢ ልጁን ሲድር ጠራው። ሰውየው «ይህ ካልተሳካልኝ ካሜራዬን እሸጣለሁ» ብሎ ቆርጦ ሄደ።

ሙሽራዋ የለበሰችበት ክፍል አንድ ሰፊ መስኮት ነበረው። ሰውየው እንደ ድሮ ልማዱ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ እንድትቆም አደረገ፤ በግራና በቀኝ ያሉትን ወንበሮችም አስነሣ። ከዚያ አነሣት። ፎቶው ላይ ፊቷ ጠቆረ። ደግሞ አነሣት፤ ያው ነው።

የሙሽራዋ አክስት ከትከሻው በላይ አጮልቃ ካሜራውን አየች። «ልጃችን የት አለች? ይሄማ የቀሚስ ፎቶ ነው!»

«መብራቶቼ ቢኖሩ እኮ፣ እትዬ፣ አንዱን እዚህ በግራዋ፣ አንዱን እዚያ በቀኟ...» አለና የባልንጀራውን ግፍ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይተርክላት ጀመር።

«ቆይ፣ ወንበሮቹን ያስነሣኸን ለሌለ መብራት ቦታ ለመተው ነው?» አለች አክስቲቱ። «በል ተወው፤ ያን ባለ መብራቱን ሰውዬ እናስጠራው። ስልክ ስጡኝ!»

ስልኩ እየጠራ ሳለ ከውጭ የሙሽራው መኪኖች ክላክስ ተሰማ። ሙሽራዋ ራሷን መግታት አቃታት፤ ዘወር ብላ በመስኮቱ ወደ ደጅ ተመለከተች። የጠዋቱ ብርሃን ፊቷ ላይ አረፈ። ዓይኗ በራ፣ ጉንጯ ወዛ፣ ከማለዳ ጀምሮ የደበቀችው ደስታም ወጣ። ሰውየው ይህን ሲያይ ሮጦ ከመስኮቱ ጎን ቆመ።

«እንዳትነቃነቂ!» ብሎ ጮኸ። «እትዬ፣ ስልኩን ይዝጉትና በሩን ይያዙልኝ!»

የሴት ወገን በር ላይ እየዘፈነ ሙሽራውን ለጥቂት ጊዜ መከልከሉ የታወቀ ነው። የዚያን ቀን ግን ክልከላው የምር ሆነ። አክስቲቱ ሴቶቹን አሰልፋ በሩን ጥርቅም አደረገችው። ሚዜዎቹ ለመኑ፣ ከዚያም ተቆጡ።

«ኧረ ሙሽራው በላብ ሊያልቅ ነው!» አለ አንደኛው።

«ይለቅ! ልጃችን ገና ብርሃን እየሞቀች ነው!» አለችው።

ሙሽራዋ ይህን ሁሉ በመስኮቱ ስታይ ሳቋ አመለጣት። ሰውየውም ሳቋን አነሣ። አናጢው ለዚያ ፎቶ በገዛ እጁ ፍሬም ሠርቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቀለው። ያየው ሁሉ «እኔንም እንደ አናጢው ልጅ አንሣኝ» እያለ ወደ ሰውየው ይመጣ ጀመር።

አሁን ወደ አንተ ልመለስ። መብራቶቹ ተመለሱለት? አልተመለሱም። ባልንጀራውን ይቅር አለው? እንጃ፤ ባይለውም አልፈርድበትም። አንተም ተዘርፈሃል። አልተዘረፈም የሚል ካለ ወደ እኔ ላከው፤ ደኅና አድርጌ አነጋግረዋለሁ። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ ወንበር እያስነሣህ ለተወሰደብህ መብራት ቦታ ስትተው፣ ሥራህንም ጀርባውን ለመስኮት ሰጥተህ ስታቆም አይቻለሁ። ከዚያም ጠቆረብኝ ትላለህ። መስኮትህ ያንን ጥናት ያየህበት ዓይንህና ክፍል ውስጥ እየጠበቁህ ያሉት ተማሪዎችህ ናቸው፤ እነሱን ማንም ጠቅልሎ አይሄድም። ሰኞ ስትገባ ዓይንህ የአለቃህን ቢሮ አይፈልግ። ሥራህን ወደ መስኮቱ አዙረው፤ እስክትጨርስ ድረስ በሩን እኔ እይዝልሃለሁ።