የኤርጎጌ ወንበር

ጠጋ በሉ ልጆቼ! አክስታችሁ ስታወራ የሚያንቀላፋ ካለ ወዮለት!

ድሮ ነው፤ መንገዱ ገና ሰው ሳይለምድ። በዚሁ በእኛ መንደር ኤርጎጌ የምትባል ሸክላ ሠሪ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም፣ እንደኔው። ከእናቷ ጋር ድስት ትሠራለች። አንገቱ ላይ በአውራ ጣቷ ተጭና ምልክት ታደርጋለች። ገበያ ትወጣለች።

አንድ እሑድ የጸሎት ቤቱ ሽማግሎች «ሐዋርያ ያስፈልገናል» አሉ። ትልቅ ወንበር አሠሩ። ከዚያ ማን ይቀመጥበት ብለው ተጣሉ። ወሩን ሙሉ ተጣሉ! ግዕዝ የሚያውቁ አንድ አባት «ሐዋርያ ማለት እኮ ሂያጅ ማለት ነው» ቢሉ፣ ኤርጎጌን ከኋላ ሳቅ አመለጣት።

«ታዲያ ለሂያጅ ወንበር ምን ያደርግለታል?»

የሽማግሎቹ አለቃ አያ ሎምባሞ ተቆጡ። «እንግዲያው አንቺ ሂጂያ!» አሉ፣ ሊያሳፍሯት።

እሷ ግን ተላክሁ ብላ ተነሣች። እናቷ ደጅ ላይ እጇን ይዘው «መቼ ትመጫለሽ?» አሏት።

«የሚተካኝ ሲገኝ፣ እማዬ።»

ሄደች። ቆላ ወረደች። ድስት ሸጠች፣ ስለ ጌታ ነገረች፣ ሰው ተሰበሰበ። «እዚሁ ኑሪልን» አሏት። አንዷን ጸሎት መምራት አስተምራ ሄደች።

ወንዝ ተሻገረች። እዚያ ናቋት፣ ድስቶቿን ሰበሩ። በዚያው በአገራቸው ጭቃ ሌላ ሠራችላቸው። ክረምቱ ሳይወጣ አብረዋት ጸለዩ። ቤት ሠሩላት። ሳታድርበት ሄደች።

ተራራ ወጣች። እዚያ ወደዷት፣ እግሯ ግን ከዳት። ሁልጊዜ ወደ እኛ መንደር ዞራ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር አሉ። «እናቴ ደጅ ላይ ናት» ትል ነበር አሉ።

እውነትም ደጅ ላይ ነበሩ። ሰባት ዓመት!

አንድ ቀን የማይታወቁ ሰዎች እየዘመሩ መጡ፤ ከቆላ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ከተራራው። ኤርጎጌ የለችም። አንድ ድስት ይዘዋል።

«ልጅዎ ዐረፈች» አሉ። «ሰው ተክቶኛል በሉልኝ ብላለች።»

እናቷ አውራ ጣታቸውን በምልክቱ ውስጥ አስገቡ። አያ ሎምባሞ እያለቀሱ «ወንበሩ ላይ እርስዎ ይቀመጡ» ቢሏቸው፣

«የልጄ ነው፤ ስትመጣ ትቀመጥበታለች» አሉ።

አያ ሎምባሞ በትራቸውን አንሥተው በዚያው ወደ መንገዱ ወረዱ።

ይኸው ወንበሩ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እንወለውለዋለን። ሳያውቅ የተቀመጠበት ካለ ቤቱ ሁሉ «ሂያጅ! ሂያጅ!» ይልበታል፤ ስንቅ ተቋጥሮለት ጸሎት ወደሌለበት መንደር ይሸኛል። እኔስ አንዴ ደክሞኝ ዘፍ ብዬበት፣ ይሄን ሁሉ ሥጋ ተሸክሜ ያንን ተራራ ወጥቼ ከጀርባው ወዳለው መንደር አልወረድኩም? እንዴት ደስ ይላል!

በመንገዴ የተራራው ሰዎች ድንጋይዋንም አሳዩኝ። ቁጭ አልኩባት። ከዚያ ሆነው ሲያዩ፣ ልጆቼ፣ የእናቷ ደጅ ይታያል።