አርባኛው ፈረስ

በአንድ ወቅት ልበል እንጂ ወቅቱ ሩቅ አይደለም፤ ሰዎቹም ፈረሱም ዛሬ ድረስ አሉ። እንግጫ ሜዳ በምትባል ከተማ ማንደርሶት የሚባል ዳማ ፈረስ ነበረ። በጥር ጊዮርጊስ የሽምጥ ውድድር ሰባት ዓመት ሮጦ ሰባቱንም ዓመት አንደኛ ወጥቷል። ከኋላው የሚጋልቡት ፈረሰኞች የሚያውቁት ጭራውን ነው፤ ፊቱን የሚያዩት ሲሸለም ብቻ ነበር።

በዚያ አገር አንድ ልማድ አለ። ያሸነፈ ፈረስ አይሸጥም፣ ነውር ነው። ሲያረጅ ወይም ሲያነክስ ጌታው ሰው ሰብስቦ ልጓሙን ያወልቅለታል፣ ግንባሩን ይስመውና ሜዳ ላይ ይለቀዋል። «ነጻ ወጣ» ተብሎ እልል ይባልለታል። ሌላም ልማድ አለ፣ ይሄኛው እልልታ የለውም፦ ልጓም የሌለው፣ አፉ ባዶ የሆነ ፈረስ የማንም ነው፤ ያገኘ ይወስደዋል። ድሮ የሚያገኘው ጅብ ነበር፣ ዕድል ከቀናው ደግሞ ባለጋሪ። አሁን ከከተማው ወጣ ብሎ የፈረስ ቄራ ቆሟል። እኛ ባንበላ የሚበላ አገር አለ። ደላሎች በየሜዳው እየዞሩ አፉ ባዶ የሆነውን ሁሉ ይሰበስባሉ። እኛ ለክብሩ ብለን የለቀቅነውን እነሱ በነጻ ይጭኑታል።

የማንደርሶት ጌታ አያ ቢያድግልኝ ናቸው። እናቱ ስትወልደው በእጃቸው ተቀበሉት፤ ሰባቱንም ሽምጥ የጋለቡት እሳቸው ናቸው። የፊት እግሩን ሲያነክስ አንድ ነጋዴ ልግዛዎት ብሎ መጣ። «ማንደርሶትን ሸጠ ከሚሉኝ ሞተ ቢሉኝ ይሻለኛል» አሉት። ልጓሙን አወለቁ፣ ግንባሩን ሳሙ፣ ለቀቁት። እልል ተባለ። አያ ቢያድግልኝ ቤታቸው ገብተው ሦስት ቀን እህል አልቀመሱም። ግን ሄደው አልመለሱትም።

በአራተኛው ቀን ስንሻው የሚባል ባለጋሪ ቦይ ውስጥ ወድቆ አገኘው። ጅብ ታፋውን ቦጭቆታል። ስንሻው ቁስሉን በጨው ውሃ እያጠበ፣ ፉርሽካ እያበላ በሁለት ወር አቆመው። ከዚያማ ጋሪ ላይ ጠመደው። አራት ዓመት ሙሉ ሲሚንቶውን፣ ድንቹን፣ ሙሽራውን ሲጭንበት ኖረ። «ለእንዲህ ያለ ፈረስ ይሄ ውርደት ነው» ሲሉት «ረሃብስ ማዕረግ ነው እንዴ?» ይላል። አንድ ቀን ልጓሙ የፈረሱን አፍንጫ አቁስሎት አየና አዘነለት። ቁስሉ አየር ያግኝ ብሎ አወለቀለት፤ አስፋልት ዳር ሣር ላይ ትቶት ምሳ ሊበላ ገባ። እጁን ታጥቦ ሲወጣ ፈረሱ የለም። ደላላ አፉን ባዶ አይቶ ጭኖታል።

የዚህ ታሪክ ሦስተኛዋ ሰው እንጉዳይ ናት፣ የቄራው ሠራተኛ። ሥራዋ ቀለም መቀባት ነው። ወደ ውስጥ የሚገቡትን ፈረሶች ጀርባቸው ላይ በቀይ ቀለም ታሰምርባቸዋለች፤ ያለ መስመር የሚገባ የለም። ሁለት ዓመት ቀብታለች። ስንት እንደቀባች እሷም አትናገር፣ እናንተም አትጠይቋት። ሁለት ልጆቿ የሚበሉት ከዚያ ብሩሽ ነው።

ማንደርሶት በተጫነበት ዕለት በረቱ ውስጥ አርባ ፈረስ ሞላ። ከሰዓት በኋላ ዘበኛው ተረኛ ሊጠራ ፊሽካ ነፋ። ሠላሳ ዘጠኙ ጆሯቸውን እንኳ አላነሱም። አንዱ፣ አንካሳው ዳማ፣ ከመሃል ወጥቶ አጥሩ ሥር ቆመ። አንገቱን ወደፊት ዘረጋ፣ የኋላ እግሮቹን ሰበሰበ። በዚያ አገር ሽምጥ የሚነሳው በፊሽካ መሆኑን የማያውቅ የለም። እንጉዳይ ብሩሿን ወደ ቀለሙ ባልዲ መለሰች።

«ይሄን አልቀባም» አለች።

«ከሌላው በምን ተለየ?» አላት ኃላፊው።

«ይሄ ያሸነፈ ፈረስ ነው።»

«እዚህ የሚሸነፈውም የሚያሸንፈውም በኪሎ ነው። ቅቢ።»

«እጅ አለህ፣ አንተ ቅባው።»

ኃላፊው ባልዲውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል በእግሯ ገፋችው። ቀለሙን መሬት ጠጣው። ሌላ ቀለም በመኪና እስኪመጣ ደግሞ ነገ ጠዋት ነው። እዚያው ቆማ ከሥራ ተባረረች። ከበሩ ሳትወጣ ግን ፈረሱን በስልኳ ፎቶ አንስታ ወደ ፈረሰኞች ማኅበር የቴሌግራም ቡድን ላከችው። «የማን ነው? እስከ ጠዋት ጊዜ አለው» ብላ ጻፈችበት።

ስንሻው ፎቶውን አየ። ጋሪ አለው፣ ፈረስ የለውም። በጋሪው ሁለት እንጨቶች መሃል ራሱ ገባና እስከ ቄራው በር ጎተታት። በሩ ላይ አጋድሞ አቆማት፤ ሁለቱን ጎማዎች ፈትቶ ገደል ሰደዳቸው። ሲነጋጋ ቀለም የጫነው መኪና ደረሰ፣ መግቢያ የለም።

«ጋሪህን አንሳ» አሉት ዘበኞቹ።

«ጋሪ የሚሄደው በፈረስ ነው። ፈረሱ እናንተ ዘንድ ነው። ስጡኝና እሄዳለሁ።»

በዱላ መለሱለት። ክንዱ ተሰበረ። ስንሻው ጋሪው ላይ ወጥቶ ተጋደመና «ይኸው፣ ልጎትታት ብልስ በምን እጄ? ራሳችሁ ከለከላችሁኝ» አላቸው።

ፀሐይ ከፍ ሲል አያ ቢያድግልኝ ወሬውን ሰምተው ደረሱ። የተቀመጡበት ጎረምሳ ፈረስ የማንደርሶት ልጅ ነው፣ በመጪው ጥር ሊሮጥ የተዘጋጀ። ኃላፊው መኪናው ውጭ ቆሞበት፣ ሰው ተሰብስቦበት ተሰላችቷል። «ወረቀቴ አርባ ይላል» አለ። «አንድ ካስወጣሁ አንድ ይገባል።» ይሄን ያለው ሽማግሌው አፍረው እንዲመለሱ ነው። አያ ቢያድግልኝ ወረዱ። ኮርቻውን ፈቱ፣ ልጓሙን አወለቁ፣ ጎረምሳውን በጋማው ይዘው በሩ ድረስ አደረሱት።

«ቁጠር» አሉት።

ማንደርሶት ወጣ፣ ልጁ ገባ። ሰዉ ጋሪዋን አንስቶ ዳር አስያዛት፤ ቀለሙም ገባ። አያ ቢያድግልኝ ኮርቻውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ቆሙ፤ ወደ ኋላ አልዞሩም።

የማንደርሶትን ገመድ ግን ሦስት እጅ ይዞት ነበር፦ የአያ ቢያድግልኝ፣ የስንሻው፣ ከሰዉ መሃል የወጣችው የእንጉዳይ። እንዲሁ እንደያዙት ከማኅበሩ ሽማግሌዎች ፊት ቀረቡ።

«በእጄ ተወልዷል፣ በእጄ ይሞታል» አሉ አያ ቢያድግልኝ። «ልጁን ሰጥቼበታለሁ። ጓሮዬ ሣር ሞልቷል፣ ጭነት አያይም። ሲሞትም በነጭ ሸማ ጠቅልዬ እቀብረዋለሁ።»

«አያ፣ ቦይ ውስጥ ሲያቃስት ሸማው የት ነበረ?» አለ ስንሻው፣ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። «እኔ አልዋሽም። ክንዴ ሲድን አጠምደዋለሁ፣ ቀለል ያለ ጭነት። ሥራ ያለው ፈረስ ጌታ አለው። ማንም የሚወስደው ሥራ ፈቱን ነው።»

«የጌትነትህን ልክ አፍንጫው ላይ አይተነዋል፣ ልጄ» አሉት አያ ቢያድግልኝ።

«ለሁለታችሁም አይገባም» አለች እንጉዳይ። «አንዳችሁ ለክብር ለቀቃችሁት፣ አንዳችሁ ለምሳ። ለእኔ ስጡኝ። ቄራው በር ፊት ለፊት፣ መንገዱ ዳር አስረዋለሁ። ማንም ፈረስ እየነዳ ሲመጣ መጀመሪያ የእሱን ፊት ይይ።»

«አንቺ የቀባሻቸውስ?» አላት አንዱ ሽማግሌ።

«እነሱንማ አልመልሳቸውም። ከእኔ በኋላ ብሩሹን የያዘችው ግን በየቀኑ ታየዋለች።» ከዚያ ወደ አያ ቢያድግልኝ ዞረች። «አያ፣ ጎረምሳው ምን አጥፍቶ ነው?»

አያ ቢያድግልኝ ኮርቻውን ከአንዱ ትከሻቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

ሽማግሌዎቹ ጨነቃቸው። «ፈረሱ ራሱ ይምረጥ» ተባለና ገመዱ ተለቀቀ። ማንደርሶት በሦስቱም መሃል አለፈና የማኅበሩን አዳራሽ አበባ ይግጥ ጀመር። ሰዉ ሳቀ። «እንግዲያው በየአራት ወሩ ይዟዟር» አለ ሌላው ሽማግሌ። «ፈረስ ነው እንጂ ዕቁብ አይደለም» አለው ስንሻው። ነገሩ ለእሁድ ተቀጠረ፤ እሁድም ለሌላ እሁድ ቀጠረው።

እነሱ ይቅጠሩ። እናንተ ግን አትቅጠሩ። እሷ ቀለሙን ባትደፋ ማንደርሶት በዚያው ቀን ተሰምሮበት ነበር። እሱ በሩን ባይዘጋ ቀለሙ በማለዳ ይገባ ነበር። እሳቸው ልጁን ባይሰጡ በሩ አይከፈትም ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለቱ እሱን፣ ሦስተኛዋ ብጤዎቹን አሳልፈው ሰጥተዋል፤ ያኛውን እያነሳችሁ ይሄኛውን እንዳትደብቁ። «ሁሉም እኩል ናቸው» ብሎ ማምለጥም የለም። ፈረሱ አንድ ነው፣ የቀረው ዕድሜ ቢበዛ ሦስት አራት ክረምት ነው። ጓሮ ሣር ላይ ይረፍ፣ ጋሪ ይጎትት፣ ወይስ ቄራው ፊት ይቁም?

ንገሩኝ፦ የማንደርሶት ገመድ የሚገባው ለማን ነው?