የቅቤው ደወል

የሠራሁት ደወል በሁዳዴ እኩሌታ ጮኸና ከእንጀራዬ ሊያፈናቅለኝ ነበር።

ያኔ በግራዝማች አየልኝ ቤት አገልጋይ ነበርኩ። ቅቤ ሳይታሰብ እያለቀ ስላስቸገራቸው፣ እንደ ሚዛን መሃሉ ላይ በተሰቀለ እንጨት አንድ ጫፍ የቅቤውን ቅል፣ በሌላው ጫፍ ድንጋይ አንጠለጠልኩ። ቅቤው ሲጎድል ድንጋዩ ይወርድና ደወል ይጎትታል። ግራዝማች ወደዱት። ጾሙ ሲገባ ቅሉን አስሞልተው ጓዳውን ቆለፉ፤ ቁልፉንም አንገታቸው ላይ አሰሩ።

ደወሉ የጮኸው የነፍስ አባታቸው ሽሮ እየበሉ፣ ግራዝማች ለአፍታ ወደ ጓዳ ገባ ብለው ሳለ ነው።

«ይሄ ደግሞ የምን ደወል ነው?» አሉ።

«ቅቤ ሲጎድል የሚጮኽ ነው፣ አባ» አልኩ።

ግራዝማች ከጓዳ ወጥተው ቁልፋቸውን በጋቢያቸው ሸፈን አደረጉ። «በጾም ቅቤ ማን ይነካል? ወይ ደወልህ መዋሸቱን ለአባ ንገር፣ ወይ ከቤቴ ውጣልኝ!»

«ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ። «ቅቤ ሲጎድል እንዲጮኽ ብቻ አስተማርኩት፤ ጾም ሲሆን ዝም እንዲል አላስተማርኩትም።»

አባ ሳቃቸውን በጉርሻ አፈኑና እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉ እስከ ፋሲካ እኔ ዘንድ ይቆይ።»

በማግስቱ ደወሉ ተነቅሎ ተጣለ። እኔን አባርረው ወሬውን ደጅ ከማውጣት ግን ማኖሩ ተሻላቸው። ቀረሁ።