ሳጥኑን አላውቅም ያለው የሬዲዮ ራስ

እኔ ልናገር፣ እናንተ «ከዚያስ?» በሉ። ዝም ካላችሁ መሃል ላይ ጥያችሁ እሄዳለሁ።

በአንድ የወረዳ ሆስፒታል ደርበው የሚባል የአምቡላንስ ሾፌር ነበር። ያን ቀን የፈለገው አንዲት ትንሽ ነገር ነበረች፤ የመኪናው ሬዲዮ እንዲናገርለት። ስልክ በማይሠራበት ቆላ፣ ሾላ ወንዝ ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ ሲስተር ዘርፌ የምትጠራው በሬዲዮ ነው። ትናንት «ሽታዬ ቀኗ ደርሷል፤ ልጁ በእግሩ ነው የተቀመጠው። ምጥ ሲጀምራት እጠራሃለሁና ከሬዲዮው አትራቅ» ብላዋለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ልዑልሰገድ ደግሞ «ያለ ጥሪ የሚወጣ አምቡላንስ ነዳጅ አባካኝ ነው» ብለው ለዘበኛው በሩን እንዳይከፍት አዘዋል።

ጠዋት ደርበው ሬዲዮውን ሲከፍተው መብራቱ በራ፣ ድምፁ ግን የለም። ከመቀመጫው ሥር ያለው ሳጥን ነው የሚሰማውና የሚልከው፤ ዳሽቦርዱ ላይ ያለው፣ መስታወትና ቁልፎች ያሉት ራስ ደግሞ ሳጥኑን ያዘዋል። ሁለቱ ዛሬ ተኳርፈዋል። ራሱ ከሳጥኑ አይግባባም፤ ደርበው ጥሪ አይሰማም።

ደርበው ወደ ሬዲዮ ጠጋኙ ወደ መኩሪያ ሄደ። መኩሪያ መጣ፣ ፊውዙን አየ፣ ደህና ነው። ገመዱን ነቅሎ ሰካ፣ ደህና ነው። አንቴናውን ነካካ፣ እሱም ደህና ነው። መጨረሻ ላይ ራሱን ገልብጦ ከጀርባው ያለውን ቁጥር ከሳጥኑ ቁጥር ጋር አስተያየ።

«ይሄ ራስ የዚህ ሳጥን አይደለም» አለ። «የሥራ አስኪያጁ መኪና ሬዲዮ ራስ ነው። ያንተ እሳቸው ጋ ገብቷል።»

«ማን አምታታው?»

«ለዛሬው የሬዲዮ ምረቃ ሁለቱም ይወልወሉ ተብለው ተፈተው ነበር። የመለሳቸው የምረቃው ኮሚቴ ነው።»

«በል ቀይርልኝ፣ ወንድሜ።»

«የእሳቸውን መኪና ያለ ትእዛዝ አልነካም፤ እዚህ ካልመጣልኝ ከየት አምጥቼ? ሾፌራቸውን ንጋቱን ጠይቀው።»

መኩሪያ ራሱን አይፈታም፤ ራሱ ከሳጥኑ አይግባባም፤ ደርበው ጥሪ አይሰማም።

ደርበው ወደ ንጋቱ ሄደ። ንጋቱ የታጠበውን መኪና እንደገና ያጥባል።

«ጋሽ ንጋቱ፣ መኪናውን እስከ መኩሪያ ጋ ያምጡልኝ።»

«የኔ ልጅ፣ መሪው በእጄ ነው፣ ትእዛዙ ግን በእሳቸው አፍ ነው። ይዘዙኝ፣ አመጣዋለሁ።»

ንጋቱ መኪናውን አያነሳም፤ መኩሪያ ራሱን አይፈታም፤ ራሱ ከሳጥኑ አይግባባም፤ ደርበው ጥሪ አይሰማም።

ደርበው ወደ አቶ ልዑልሰገድ ሄደ። እሳቸው መስኮቱ ፊት ቆመው ንግግራቸውን ይለማመዳሉ። ንግግሩ ስለ ፈጣን የመረጃ ልውውጥ ነው። ደርበው ሦስት ጊዜ «ይቅርታ ጌታዬ» ካለ በኋላ ሰሙት።

«መኪናዬ እኮ ሪባን ታስሮበታል» አሉ። «የሬዲዮ ግንኙነቱ የሚመረቀው በእሱ ነው። የክብር እንግዳው ሪባኑን ሳይቆርጡ መኪናው ከተነቃነቀ ምኑን ልናስመርቅ ነው?»

«ጌታዬ፣ ሬዲዮው አይሠራም።»

«ካልተመረቀ እንዴት ይሠራል?» አሉና ወደ ንግግራቸው ተመለሱ።

ሥራ አስኪያጁ አያዙም፤ ንጋቱ መኪናውን አያነሳም፤ መኩሪያ ራሱን አይፈታም፤ ራሱ ከሳጥኑ አይግባባም፤ ደርበው ጥሪ አይሰማም።

ሲስተር ዘርፌ ይሄኔ ደርበውን ትጠራው ይሆናል፤ እሱ በግቢ ውስጥ ይሽከረከራል። በምረቃው ድንኳን ሥር ለስላሳ ወደያዙት የክብር እንግዳ ሄዶ ጎንበስ አለና ስለ ሽታዬ ነገራቸው።

እንግዳው ከልባቸው አዘኑ። «አየህ፣ ለዚህ እኮ ነው ሬዲዮውን ያስገባነው» አሉ። «ሪባኑን አሁን በቆረጥኩልህ። ግን ሌሊት ነው የተነሳነው፣ መንገዱ አንጀታችንን አራግፎታል። በባዶ ሆድ መቀስ አልይዝም። ምሳ ይምጣ።»

እንግዳው ሪባን አይቆርጡም፤ ሥራ አስኪያጁ አያዙም፤ ንጋቱ መኪናውን አያነሳም፤ መኩሪያ ራሱን አይፈታም፤ ራሱ ከሳጥኑ አይግባባም፤ ደርበው ጥሪ አይሰማም።

ደርበው እየሮጠ ወጥ ቤት ገባ። የሆስፒታሉ ወጥ ሠሪ እትዬ የሺመቤት ድስቶቹን ከድነው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ምሳ አልደረሰም?»

«ከረፋድ ጀምሮ ደርሷል። ‹ሰው ከበላ ንግግሬን አይሰማም፤ ሳልጨርስ እንዳታወጪ› ብለውኝ ነው ሥራ አስኪያጁ። ንግግሩ ደግሞ ድምፅ ማጉያ ይጠብቃል፤ ማጉያውን የያዘው ሰውዬ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም።»

ደርበው ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ አወረደው። «እርስዎ ምሳ አያወጡም፤ እንግዳው ሪባን አይቆርጡም፤ ሥራ አስኪያጁ አያዙም፤ ንጋቱ መኪናውን አያነሳም፤ መኩሪያ ራሱን አይፈታም፤ ራሱ ከሳጥኑ አይግባባም፤ እኔ ጥሪ አልሰማም። እታች ሽታዬ የምትባል ልጅ አለች፤ ልጇ በእግሩ ነው የሚመጣው።»

እትዬ የሺመቤት የመጨረሻውን ብቻ ነው የሰሙት። ብድግ ብለው ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጠበቁ።

«ከተቆጡኝ ይቆጡኝ» አሉ። «ያንን ትሪ ያዝ።»

ያኔ ነገሩ ተገለበጠ። እትዬ የሺመቤት ምሳ አወጡ። እንግዳው በሉ፣ ደገሙ፣ እጃቸውን ታጥበው ሪባኑን ቆረጡ። ጭብጨባው ሳይበርድ ወደ መኪናው ዘልቀው መነጋገሪያውን አነሱ።

«እስቲ የቆላውን ሕዝብ ሰላም ልበል። ሄሎ?»

መብራቱ ያምራል። ድምፅ የለም።

«ሄሎ?» አሉ እንደገና፣ ሥራ አስኪያጁን እያዩ።

ሥራ አስኪያጁ በቁጣ ንጋቱን አዘዙ። ንጋቱ መኪናውን እስከ መኩሪያ ጋ ነዳ። መኩሪያ ራሱን ፈታ፤ ይዞት ሄዶ ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ የቆመው አምቡላንስ ላይ ገጠመው። ራሱ ከሳጥኑ ተግባባ። የሲስተር ዘርፌም ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«ሆስፒታል፣ ሆስፒታል፣ ሾላ ወንዝ ነኝ። ደርበው፣ ከጠዋት ጀምሮ እየጠራሁህ ነው። ሽታዬ ምጥ ጠንቶባታል፣ ደም አለ። እባክህ ስማኝ።»

እንግዶቹ ለምረቃው የተዘጋጀ ትርኢት መስሏቸው አጨበጨቡ።

«ሰማሁ፣ ሲስተር። መጣሁ» አለ ደርበው። ዘበኛው በሩን ከፈተ።

ሽታዬ ሆስፒታል ስትደርስ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። ዶክተሮቹ አልጋውን ይዘው እየሮጡ አስገቧት። ደርበው ውጭ ሆኖ መሬት መሬቱን እያየ ጠበቀ። ነርሷ ወጥታ «ሁለቱም ደህና ናቸው፣ ሴት ናት» ስትለው ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

ወሬው ግቢውን ሲያዳርስ ሁሉም ደርበውን ሊያየው መጣ። እንግዳው «ሪባኑን ባልቆርጥ ኖሮ» አሉ። ሥራ አስኪያጁ «እኔ ባላዝ ኖሮ» አሉ። ንጋቱ «እኔ ባልነዳ ኖሮ» አለ። መኩሪያም «እኔ ባልፈታ ኖሮ» አለ። የምረቃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ደግሞ «እኛ ባናምታታው ኖሮ ማን ይፈታው ነበር?» ብሎ ጨመረበት።

እትዬ የሺመቤት ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው ደርበው አጠገብ ደረሱ።

«ገንፎ የሚያገነፋላት ሰው ይዛ መጥታለች?» አሉት።

«ኧረ ብቻዋን ናት፣ እትዬ።»

«እሺ» አሉና ውኃ ሊጥዱ ወደ ወጥ ቤታቸው ተመለሱ።

እኔም ምላሴ ደረቀ። «ከዚያስ?» የምትሉ ካላችሁ ሽታዬን ጠይቋት፤ እሷ ገንፎዋን እየበላች ነው።