ዋሽንቱን የረሳው ኦርጋን

ማስታወስ ማለት ያለፈን ነገር ጠርቶ መልስ ማግኘት ነው። ሰው ይህን በጭንቅላቱ ያደርጋል፤ ኦርጋን ግን ሆዱ ውስጥ ባለች፣ ሳንቲም በምታክል ባትሪ ያደርጋል። ባትሪዋ ስትደክም ኦርጋኑ የተማረውን ሁሉ ይረሳል፤ ሲበራም ከፋብሪካ እንደወጣ ዕለት ሆኖ ይነሣል።

ደሴ ውስጥ በሰርግ ላይ ኦርጋን የሚጫወት ሽመክት የሚባል ሰው አለ። የእኅቱ ልጅ ስንዱ እሑድ ልታገባ ነው። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አዳራሽ ስትገባ፣ አጎቷ በገዛ እጁ አበጅቶ ኦርጋኑ ላይ ያስቀመጠውን የዋሽንት ድምፅ መስማት። ዓርብ ጠዋት ሽመክት የዋሽንቱን ቁልፍ ሲጫን ኦርጋኑ ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የሄሊኮፕተር ድምፅ አሰማ።

"አጎቴ፣ እኔ በሄሊኮፕተር አልገባም፤" አለች ስንዱ። "እስከ ነገ ካልዳነ ዲጄ እጠራለሁ።"

ዲጄ የሚለው ቃል በሽመክት ቤት አይነገርም። ኦርጋኑን ታቅፎ ወደ ጠጋኙ ወደ ነስሩ ሱቅ ሄደ። ነስሩ ኦርጋኑን ከፈተ፤ ባትሪዋን ለካ፤ ሦስት ቮልት መሆን ሲገባት አንድም አልሞላች።

"አዲስ ባትሪ አለኝ፤" አለ ነስሩ። "ግን ካልተበየደች አትያዝም። የምበይድበት ካውያዬም ቀዝቃዛ ነው፤ ትናንት ነፋሱ የጣራዬን የመብራት ሽቦ በጠሰው።"

"እኔ ቤት መብራት አለ፤ እዚያ እንበይዳት።"

"ከሱቄ ውጭ ኦርጋን አልነካም። አንዴ ነክቼ አንዲቷን ብሎን ዶሮ ዋጠቻት።"

እንግዲህ መብራት ካልመጣ ካውያው አይግልም፤ ካውያው ካልጋለ ባትሪዋ አትያዝም፤ ባትሪዋ ካልተያዘች ኦርጋኑ አያስታውስም፤ ኦርጋኑ ካላስታወሰ ሙሽራዋ በዋሽንት አትገባም።

ሽመክት ወደ ኤሌክትሪሻኑ ወደ ተካልኝ ሮጠ። ተካልኝ መጥቶ የነስሩን ጣራ አየ፤ የያዘውን መሰላል አየ።

"ይቺ መሰላል አምፖል ለመቀየር ነች፤" አለ። "ለዚህ ጣራ የእድሩን አምጣልኝ፤ ድንኳን የሚተከልበትን።"

እንግዲህ የእድሩ መሰላል ካልወጣ ተካልኝ ጣራ አይወጣም፤ ተካልኝ ካልወጣ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ ካውያው አይግልም፤ ካውያው ካልጋለ ባትሪዋ አትያዝም፤ ባትሪዋ ካልተያዘች ኦርጋኑ አያስታውስም፤ ኦርጋኑ ካላስታወሰ ሙሽራዋ በዋሽንት አትገባም።

የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው በጸሐፊው በጋሽ በርጋ እጅ ነው። ጋሽ በርጋ ዕቃ ቤቱ ውስጥ በትልቁ ድስት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ሽመክትን ሲያዩ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

"ጋሽ በርጋ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ባለፈው ሰርግ የጉራጌ ምት አዘዝኩህ፤" አሉ ለግድግዳው። "ኮቴን አወለቅሁ። እግሬን አነሣሁ። ሄሊኮፕተር ለቀቅህብኝ። ሕዝቡ ወደ ሰማይ አየ፤ እኔ በአንድ እግሬ ቀረሁ።"

"ያኔም ረስቶ ነው እኮ፤ እኔ ምን ላድርግ? ይቅር ይበሉኝ።"

"ምቴን አሰማኝና እታረቃለሁ። ከኩርፊያ ጋር መሰላል አላወጣም።"

እንግዲህ ምቱ ካልተሰማ ጋሽ በርጋ አይታረቁም፤ ጋሽ በርጋ ካልታረቁ መሰላሉ አይወጣም፤ መሰላሉ ካልወጣ ተካልኝ ጣራ አይወጣም፤ ተካልኝ ካልወጣ መብራት አይመጣም፤ መብራት ካልመጣ ካውያው አይግልም፤ ካውያው ካልጋለ ባትሪዋ አትያዝም፤ ባትሪዋ ካልተያዘች ኦርጋኑ አያስታውስም፤ ኦርጋኑ ካላስታወሰ ደግሞ ምቱ አይሰማም። ሽመክት ይህን በጣቱ ቆጥሮ ሲጨርስ የጀመረበት ጣት ላይ ደረሰ። እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

ስንዱ ነገ ዲጄ እንደምትጠራ ልታስታውሰው ስትፈልገው አገኘችው። ነገሩን ሁሉ ሰማች።

"ምቱን የረሳው ኦርጋኑ ነው ወይስ አንተ?"

"ኦርጋኑ ነው።"

"አንተ ታስታውሰዋለህ?"

"እንዴት አላስታውስ፤ እኔ አይደለሁ ያስተማርኩት?"

"ታዲያ ድስቱ ምን ይሠራል?"

ሽመክት ለሃያ ዓመት ያለ መብራት ተጫውቶ አያውቅም። ትልቁን የእድር ድስት ደፋው፤ በሁለት እጁ መታው። ስንዱ አጨበጨበች። የጋሽ በርጋ ፊት ከግድግዳው አልተመለሰም፤ ቀኝ እግራቸው ግን ተመለሰ። ቀጥሎ ግራው። ቀጥሎ ኮታቸውን አወለቁ።

ምቱ ተሰማ፤ ጋሽ በርጋ ታረቁ፤ መሰላሉ ወጣ፤ ተካልኝ ጣራ ወጣ፤ መብራት መጣ፤ ካውያው ጋለ፤ ባትሪዋ ተያዘች።

"ከእንግዲህ አይረሳም፤" አለ ነስሩ። "እስካሁን የረሳውን ግን እኔ አልመልስም።"

ሽመክት ቅዳሜን ሙሉ ተቀምጦ ዋሽንቱን እንደገና አበጀ። አስቀመጠው፤ ኦርጋኑን አጠፋ፤ እስከ አሥር ቆጠረ፤ አበራው። ዋሽንቱ አለ። ያም ሆኖ አላመነም፤ አሥራ አንድ ጊዜ አጥፍቶ አበራው።

እሑድ ስንዱ በዋሽንት ገባች። ዲጄው ቤቱ ዋለ።