የጦይብ አጥንትና የሐጂ ቡሽራ ዓይን

የከተማዋን ስም አልነግራችሁም። የባለታሪኮቹ የልጅ ልጆች ዛሬም እዚያው አሉ። ደግሞም ሰው የከተማ ስም ሲሰማ «እነሱማ ድሮም እንዲያ ናቸው» ብሎ ራሱን ከነገሩ ማውጣት ይወዳል። እንግዲህ አሮጌ ከተማ ናት በሉና ተከተሉኝ፤ መስጊዷ ከገበያው በላይ፣ የአንጥረኞቿ መደዳ ከገበያው በታች። በዚያ መደዳ ጫፍ ላይ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ ሰንጢ ሠሪ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው።

የሐጂ ቡሽራ ሰንጢ ስሙ የወጣው በስለቱ ብቻ አይደለም፤ በእጀታው ጭምር ነው። እጀታውን የሚሠሩት ከበሬ ቅልጥም ነበር። አጥንቱን በአመድ ውሃ ቀቅለው ስቡን ያወጣሉ፣ ያደርቁታል፣ ከዚያ በመጋዝ ሰንጥቀው ከአንዱ ቅልጥም ሁለት ጉንጭ ያወጣሉ፤ አንዱ ለሰንጢው ቀኝ፣ አንዱ ለግራ። ሁለቱን በአንድ ክር ያስሩና የግራር ቅርፊት በተዘፈዘፈበት የመዳብ ድስት ውስጥ ያንጠለጥሏቸዋል። በሰባተኛው ቀን ቀይ ዳማ ሆነው ይወጣሉ። ታዲያ አንዱ ጥንድ ከሌላው ጥንድ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። የወይፈን አጥንት ቀለሙን ይጠጣዋል፣ የሸመገለ በሬ አጥንት ደግሞ ይግደረደራል።

ይህን ልዩነት የሚወድ ሰው አይጠፋም። ኸሊፋ የሚባል የጨርቅ ነጋዴ ከሐጂ ቡሽራ ሰንጢ ከየቀለሙ እየገዛ፣ ከፋይ በለበሰ ሣጥን ውስጥ ይደረድር ነበር። ሽንኩርት እንኳ ቆርጦባቸው አያውቅም። እንግዳ ሲመጣ ሣጥኑን ይከፍታል፣ ያሳያል፣ ይዘጋል። ሰው የሚወደው አያልቅበት መቼም!

በመደዳው ደግሞ አንድ የቆየ እምነት ነበር። ደሙ ሳይፈስ የሞተ ከብት አጥንቱ ቀለም ውስጥ ሲገባ ይጠቁራል ይሉ ነበር። እነሱ በሚከተሉት የሸሪዓ መንገድ፣ በመዝሀባቸው፣ የበክት አጥንት ርኩስ፣ ነጃሳ ስለሆነ፣ እጀታ ጠቆረ ማለት ቀላል ነገር አልነበረም። አጥንት አይተው ዳኛ የሚሆኑት ደግሞ ሐጂ ቡሽራ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ሰው ሁሉ «የሐጂ ዓይን» ሲላቸው ኖረዋል።

አንድ ዓመት ዝናቡ ቀደም ብሎ ገባ። ሐጂ ቡሽራ ከደጅ የሚያኖሩትን ድስት ወደ ውስጥ አስገብተው ስለት ከሚሞርዱበት መደብ ሥር አኖሩት። በሰባተኛው ቀን ኸሊፋ ያዘዘውን ሊያይ መጣ። ሐጂ አራት ጥንድ አወጡ። ሦስቱ እንደ ወትሮው ነበሩ። አራተኛው ግን ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለው ነበርና ጥቁር ዥንጉርጉር ሆኖ ወጣ።

«ሐጂ፣ ይሄን ደግሞ ምን ነካው?» አለ ኸሊፋ።

ሐጂ ወደ ብርሃን አወጡት፣ አገላበጡት፣ አሸተቱት። «ደሙ ሳይፈስ የሞተ ከብት ነው» አሉ።

«ያ ረቢ! ከማን ነው የገዙት?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይችሉ ነበር። አልያም «ልጠይቅና ልንገርህ» ማለት። ግን አርባ ዓመት የታመነ ዓይን መጠየቅ አይቀናውም። «ከጦይብ» አሉ።

ጦይብ የገበያው ሥጋ ሻጭ ነው። ሃያ ዓመት አርዷል። ለዐረፋ ግማሹ ከተማ የመሥዋዕት ከብቱን፣ ኡድሒያውን፣ የሚያሳርደው በሱ እጅ ነበር። ወሬው የዐስር ሶላት ሳይሰገድ ገበያውን አዳረሰ። ጦይብ ሰምቶ የደም ልብሱን እንኳ ሳይለውጥ እየሮጠ መጣ።

«ወላሂ ሐጂ፣ እያንዳንዷን በእጄ ነው ያረድኩት። ቢስሚላህ ያላልኩበት ከብት የለም!»

ሐጂ ቡሽራ ቀና አላሉም። «አጥንቱ ሌላ ይላል» አሉት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መተረክ ያመኛል። ማንም ጦይብን አልሰደበው፣ ማንም ድንጋይ አልወረወረበት። ሰላምታም አልነፈጉትም። ሥጋውን ብቻ ተዉት። በወሩ ለሟች አባቱ ሶደቃ አወጣ፤ ወይፈን አርዶ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራ። ሰዉ መጣ፣ ዱዓ አደረገ፣ ዳቦውን በማር በላ። የሥጋው ትሪ ግን እንደ ቀረበ ተመለሰ። ጦይብ ትሪውን ራሱ አንስቶ ወደ ጓዳ ሲያስገባ ያዩ ሰዎች አሉ፤ አይተው ወደ ዳቦው ዞሩ። ዐረፋም ደረሰ፤ ና እረድልኝ ያለው አንድ ሰው አልነበረም። ጦይብ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ሚስቱ አገር ሊሄድ ቆረጠ። ሱቁን ዘጋ፣ ዕቃውን ሸከፈ፣ የሚነሳበትንም ቀን ቅዳሜ አለ።

አሁን ወደ ሐጂ ቡሽራ እንመለስ። ሐጂ አንድ ልማድ ነበራቸው። በየዓመቱ ከኡድሒያቸው ቅልጥም አንድ ሰንጢ ሠርተው ለመስጊዱ ይሰጣሉ። የዚያን ዓመትም በሬያቸውን በገዛ እጃቸው አርደው፣ ቅልጥሙን ቀቅለው፣ ከምድጃው በላይ አድርቀው፣ ሁለቱን ጉንጭ በክር አንጠልጥለው ነበር። በሰባተኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት፣ ክሩ የታሰረበትን እንጨት ሲያነሱ ክሩ አንዱን ጉንጭ ብቻ ይዞ ወጣ። ያማረ ቀይ ዳማ ነው። ሌላው ከቋጠሮው አምልጦ ድስቱ ሥር ወድቋል። በእንጨት ማንኪያ ጨልፈው አወጡት።

ጥቁር ዥንጉርጉር ነበር።

ሐጂ ቡሽራ ሁለቱን ጎን ለጎን መዳፋቸው ላይ አድርገው ቆሙ። አንድ በሬ፣ አንድ ቅልጥም፣ አንድ ቢስሚላህ። ደሙ እንዴት እንደ ፈሰሰ ያዩት ራሳቸው ናቸው፤ ጫማቸውን አርሶት ነበር። መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ትንሽ ቆይተው ተነሡና ቀለሙን በነጠላ ጨርቅ አጠለሉት። ጨርቁ ላይ ግራጫ ጭቃ ቀረ። የወደቀ ሚስማር የሚፈልጉበትን ማግኔት አስጠጉት። ማግኔቱ ጢም አበቀለ።

ከሞረዳቸው ረግፎ ድስቱ ሥር የዘቀጠ ብረት ነው። ብረትና የግራር ቀለም ሲገናኙ እንደሚጠቁር ሙያውን ያስተማሯቸው ሰው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነግረዋቸው ነበር። ዝናብ ሸሽተው ድስቱን ከሞረዱ ሥር ሲያኖሩ አላሰቡትም።

«አስተግፊሩላህ» አሉ።

ሚስታቸው ወይዘሮ ዘምዘም ከጓዳ ወጥተው ነገሩን ሰሙ። እሳቸውም ደነገጡ። ግን ሚስት ናቸውና የባላቸው ስም አሳዘናቸው። «ሐጂ፣ በዚህ ዕድሜዎ ሰው ፊት ቆመው ራስዎን አያዋርዱ። ለጦይብ ለብቻው ይንገሩት፣ ዓፍው እንዲልዎ ይቅርታ ይለምኑት። አላህ ያያል።»

«ስሙን ያጠፋሁት ለብቻው ነው እንዴ፣ ዘምዘም?» አሏቸው።

እንደ አጋጣሚ ኸሊፋ ያን ጠዋት መጣ። ነገሩን ሰምቶ ራሱን ያዘ፤ እሱም አፉን ሰብስቦ አልነበረማ። ቢሆንም ብልህ ሰው ነውና ከወይዘሮ ዘምዘም የጠነከረ ነገር አመጣ። «ሐጂ፣ ይስሙኝ። በዚህ ገበያ በክት እንዳይገባ የሚጠብቀን የእርስዎ ዓይን ነው። አጭበርባሪው ሁሉ የሚፈራው እርስዎን ነው። ነገ ተነሥተው ተሳስቻለሁ ካሉ ማን ይፈራል? ለአንድ ሰው ብለው ከተማውን ሐራም ሊያበሉት ነው?»

ይህ ነገር ሐጂን ያዛቸው። እውነት ይመስላላ! ሸይጧን ለተራ ሰው በተራ ነገር ይመጣል፤ እንዲህ ላሉት ግን ዲንን ለብሶ ነው የሚመጣው። ሐጂ ቡሽራ ማግኔቱን ለረጅም ጊዜ አገላበጡ። የሰዉ አመኔታ ጣፋጭ ነው፤ እሱን ለመልቀቅ ልባቸው እንዳልፈቀደ በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል።

በመጨረሻ «ኸሊፋ፣ ከተማውን ከሐራም በሐሰት ልጠብቀው ነው የምትለኝ?» አሉት።

በማግስቱ ጁሙዓ ተሰገደ። ሐጂ ቡሽራ ኢማሙን አስፈቅደው በመስጊዱ ቅጥር ቆሙ። ድስቱን ይዘዋል፣ ሁለቱን ጉንጮች ይዘዋል።

«ጀማዓ፣ በጦይብ ላይ የተናገርኩት ሐሰት ነው» አሉ። «አጥንቱን ያጠቆረው ከእኔ ሞረድ የረገፈ ብረት ነው። ይኸው በእጄ ያረድኩት የኡድሒያዬ ቅልጥም፤ አንዱ ጉንጭ ቀይ፣ አንዱ ጥቁር። ጦይብ ንጹሕ ነው። ያቆሸሽኩት እኔ ነኝ።»

አንድ ሽማግሌ ሊያድኗቸው ፈልገው «ኧረ ሐጂ፣ ተሳሳቱ እንጂ መች ዋሹ!» አሉ።

«ሳላውቅ እንደማውቅ ሆኜ ተናገርኩ። ሌላ ስም ካለው ንገሩኝ።»

ጦይብ ከጫማ ማውለቂያው አጠገብ ቆሟል። ከሶደቃው ወዲህ ቦታው እዚያ ነበር። ሐጂ ሰዉን አልፈው ፊቱ ቆሙ። «ወንድሜ ጦይብ፣ ዓፍው በለኝ» አሉት።

ጦይብ ቀና ብሎ አያቸው። «ሐጂ፣ የአባቴ ሶደቃ ላይ እርስዎም ነበሩ።»

«ነበርኩ።»

«ትሪው እርስዎ ፊት ነበር።»

«አዎ፣ ፊቴ ነበር።»

«ስምልልዎ ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።»

ሐጂ ቡሽራ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ። «አላየሁህም። አጥንቱን ነበር የማየው» አሉ።

«ለአላህ ብዬ ዓፍው ብያለሁ። ልቤ ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ እሱን አያስቸኩሉብኝ» አለ ጦይብ። ሐጂም «ሐቅህ ነው» አሉ። ከዚያ በደጅ የታሰረ ሙክት አሳዩት። «ዛሬ ምሳዬን ካንተ እጅ ልብላ። እረድልኝ።»

ጦይብ አረደ። ደሙ ሲፈስ ሰዉ ዙሪያውን ቆሞ አየ፤ ብዙው አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሥጋው በትሪ ሲመጣ መጀመሪያ የጎረሱት ሐጂ ቡሽራ ናቸው። ሁለተኛው ኸሊፋ ነው። ከዚያማ ትሪው ባዶውን ተመለሰ። ጦይብ ባዶውን ትሪ ተቀብሎ ሲያየው፣ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። ቅዳሜ ሱቁን ከፈተ።

ሐጂ ከዚያ ቅልጥም ሰንጢውን ሠሩት፤ አንድ ጉንጩ ቀይ፣ አንድ ጉንጩ ጥቁር። ኸሊፋ እንዲህ ያለ በዓለም የለም ብሎ ለሣጥኑ ለመናቸው፣ እንቢ አሉት። ለመስጊዱ ሌላ ሰጡና ይሄኛውን በኪሳቸው ያዙት። ከዚያ ወዲህ የጠቆረ አጥንት ይዞ ለዳኝነት የሚመጣ ሰው ሲኖር ፊቱን አያዩም፣ አጥንቱንም አያዩም። ሰንጢያቸውን ያወጡና እሱን ያያሉ። ከዚያ ንጹሕ ድስት ያስመጣሉ፣ አጥንቱን ዳግም ይነክራሉ፣ ባለቤቱን ለብቻው ጠርተው ይጠይቃሉ። ሰው ሲሰለቻቸውና «ሐጂ፣ እንደ ድሮው አይተው ይንገሩን» ሲላቸው መልሳቸው አጭር ነበር።

«ከቀለሙ በፊት ድስቱን እዩ።»

እኔ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አሰላስየዋለሁ። ሐጂ ቡሽራ ሐሜተኛ አልነበሩም፣ ምቀኛም አልነበሩም። ለዲናቸው ተቆርቋሪ ነበሩ፣ ሙያቸውንም ያውቁ ነበር። ያሳሳታቸው ይኸው ማወቃቸው ነው። ዓይናቸው ጥቁሩን በትክክል አይቷል፤ ጥቁር ነበር። ከየት እንደ መጣ ግን ራሳቸውን አልጠየቁም። እኛስ? ስለ ሰው የምንናገረው ነውር ስንቱ ከራሳችን ሞረድ የረገፈ ይሆን? ከቁጣችን፣ ከቅናታችን፣ ከችኮላችን? በዓይናችን ስላየነው ብቻ እውነት ይመስለናል።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሐጂ ያጠፉት በገበያ ነው፤ ያስተካከሉትም በጀማዓ ፊት ነው። እኛ በአደባባይ እናጠፋና በጓዳ ተውበት እናደርጋለን። ከዚያ የሰውየው ትሪ ለምን እንደ ቀረበ እንደሚመለስ ይገርመናል።

ሌላውን ስመክር የራሴን ልደብቅ አልችልም። እኔም «አጥንቱ ሌላ ይላል» ያልኩት ሰው አለ። ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ሰፈሩንም ቤቱንም አውቀዋለሁ። ድስቴን አይቻለሁ፣ ብረቱ የኔ ነው። ይህን የምጽፈው ማክሰኞ ነው። ለጁሙዓ ሦስት ቀን ቀርቶታል።